ዳኛን መጠየቅ መጠርጠር ነው ወይ? ስለ እቁብ አመራርና መተማመን በድሬዳዋ የተደረገ ውይይት

ክሩን፣ ማለትም የኢንተርኔት ውይይቱን፣ የከፈተው የድሬዳዋ ሰው ነው። ቀፊራ ገበያ ዙሪያ ያሉ ነጋዴዎች የሚጥሉትን ዓይነት እቁብ በምሳሌ አስቀመጠ። እንበል 40 አባል አለ፤ እያንዳንዱ በየእሑዱ 1,000 ብር ይጥላል፤ የሳምንቱ ድምር 40,000 ብር ነው፤ ዙሩ በ40 ሳምንት ያልቃል። ለዓመታት የመሩት አንጋፋ ዳኛ ደክሟቸው ቦታውን ለወጣት ለቀቁ። አዲሱ ዳኛ ሐቀኛ ነው፣ ሱቁ የታወቀ ነው፣ አንድ ብር አልጎደለም። ሆኖም በ6ኛው ሳምንት ከ40ው አባል 9ኙ ማዘግየት ጀመሩ፣ ሹክሹክታም መጣ። ጠያቂው የራሱን አቋም አስከተለ፦ መተማመን የሚመጣው በጠባይ ነው፤ ዳኛው ይታገሥ፣ ለቅሶና ሠርግ አይቅር፣ የታመመ ይጠይቅ። መዝገብ አምጣና አሳየን ማለት ግን ዳኛን መስደብ ነው፣ ሊለመድ አይገባም። ከዚህ ሌላ በመጀመሪያዎቹ 10 ሳምንታት ምን ያድርግ ብሎ ጠየቀ።

26 መልስ ተከተለው። ከላይ እስከ ታች የምተርከው ጉዳዩ ስለሚያሳስበኝ ነው። እዚህ ከተማ ስንትና ስንት ሱቅ ዕቃ የሚሞላው በእቁብ ነው፤ እቁብ የሚፈርሰው ደግሞ ሌባ ገብቶበት ብቻ አይደለም። ሰው በዳኛው ላይ ያለውን ጥያቄ የሚያቀርብበት ወግ አጥቶ ዝም ሲል፣ ከዚያም ሲቀር ይፈርሳል።

ቁጥር 1 በትሕትና ጀመረ። ማዘግየቱ በሽታው ሳይሆን ትኩሳቱ ነው አለ። ሰው የሚያዘገየው ብር ስላጣ ብቻ አይደለም፤ ሌላው መክፈሉን ሳያውቅ ቀድሞ መጣል ስለሚከብደው ነው። አንዱ ሌላውን ሲጠብቅ የእሑድ ገንዘብ ማክሰኞ ይደርሳል። መድኃኒቱ እጣ ከመውጣቱ በፊት ስንት ሰው እንደከፈለ፣ ስንት እንደቀረና በእጅ ያለው ብር ስንት እንደሆነ ጮክ ብሎ መናገር ነው፤ 40,000 ሳይሞላ እጣ አይውጣ። ቀጥሎ ያነሳው ነጥብ ደግሞ ብዙ ቅን ዳኛ የሚወድቅበት ነው። የጎደለውን ከኪሱ በዝምታ ይሞላል። በጎ ሥራ ይመስላል፤ በ3ኛው ወር ግን የትኛው ብር የእሱ፣ የትኛው የእቁቡ እንደሆነ የሚያውቅ ይጠፋል፤ ያዘገየውም ሰው ስለተሸፈነለት አይታረምም። ከሞላ በጉባኤ ይናገር፣ የማንን ስንት እንደሞላ ይጻፍ፣ በሚቀጥለው እሑድ በሁሉ ፊት ይመለስለት።

ቁጥር 2 ጠያቂው ያላነሳውን አነሳ፤ የመጀመሪያውን እጣ። በብዙ እቁብ የመጀመሪያው ሳምንት ገንዘብ እጣ ሳይጣልበት ለዳኛው ይሰጣል። ሒሳቡን ቁጭ አደረገው፦ በ1ኛው ሳምንት 40,000 የወሰደ ዳኛ 1,000 ከፍሏል፣ 39,000 ዕዳ አለበት። ከአባላቱ ሁሉ ትልቁ ባለዕዳ እሱ ነው፤ የሁሉንም ዕዳ የሚጠብቀውም እሱ ነው። ከሌላው ዋስ ሲጠየቅ ከእሱ አይጠየቅም። አንጋፋው ዳኛ ይህን ሲያደርጉ ማንም ያልተከፋው 20 ዙር ያለ እንከን ስላለቁ ነው። ወጣቱ ያን ታሪክ አልወረሰም፤ የወረሰው ወንበሩን ብቻ ነው። ስለዚህ ወይ እንደ ሰው እጣ ውስጥ ይግባ፣ ወይ ልማዱ ይቀጥልና እሱም ዋስ ይጥራ።

ቁጥር 3 በዚህ አልተደሰተም። የመጀመሪያው እጣ የዳኛው ደመወዝ ነው፤ 40 እሑድ ሙሉ ሰው ሲለምን፣ ሲያስታርቅ፣ ሲቆጥር የሚውል ሰው ምን ያገኛል ብሎ ተከራከረ። ስም ከወረቀት ይበልጣል፤ አባቶቻችን በቃል ጥለው በቃል በልተዋል አለ። ንግግሩ ከረር ያለ ቢሆንም መነሻው ክብር ነው፤ እንዲህ የሚያስብ ሰው ብዙ ስለሆነ በችኮላ መታለፍ የለበትም ብዬ አምናለሁ።

ቁጥር 4 ክርክሩን ትቶ ወደ መዝገቡ ገባ። ከሁሉም መልስ በአጻጻፉ ጥንቃቄ ያለው ይሄ ነው። መዝገቡ ባለ መስመር ትልቅ ደብተር ይሁን አለ። በግራ በኩል ከ1 እስከ 40 የአባላት ስም ወደ ታች፣ ከላይ ከ1 እስከ 40 ሳምንታት ወደ ጎን። በእያንዳንዷ ሳጥን የተከፈለው ብርና የከፋዩ ፊርማ ይገባል። ወደ ታች ሲደመር የሳምንቱ ገቢ ይመጣል፣ ወደ ጎን ሲደመር የሰውየው ጠቅላላ ክፍያ ይመጣል፤ ሁለቱ ድምሮች በቀኝ በኩል ግርጌ ላይ ካልተገናኙ የሆነ ቦታ ስህተት አለ። ጽሕፈቱ በእስክሪብቶ ነው፤ እርሳስና ፍሉድ ክልክል። የተሳሳተ ቁጥር በአንድ መስመር ብቻ ይሰረዛል፣ ከሥሩ የነበረው እንዲነበብ፤ ትክክለኛው ከጎኑ ይጻፍና ጸሐፊውና ከፋዩ ይፈርሙበታል። አባሉ ደግሞ 40 ሳጥን ያለው የታጠፈ ካርድ ይይዛል፤ ጸሐፊው በካርዱ ላይ ይፈርማል፣ አባሉ በመዝገቡ ላይ ይፈርማል። እንዲህ ሲሆን አንዱ ያለ ሌላው መዋሸት አይችልም።

አንድ ነገር ጨመረ፦ ብሩን የሚቆጥረው ገንዘብ ያዡ ነው፣ የሚጽፈው ጸሐፊው ነው፣ ድምሩን የሚናገረው ዳኛው ነው። ሦስቱ ሥራ በአንድ ሰው እጅ ከገባ ሰውየው መልአክም ቢሆን የሚመሰክርለት የለም።

ቁጥር 5 አጭር ነው፤ በ4 ተስማምቶ የየሳምንቱ ገጽ ፎቶ ተነሥቶ እሑድ ማታ በቴሌግራም ግሩፕ ይለጠፍ አለ። ቁጥር 6 ወዲያው አረመው። ገጹ ሲለጠፍ ባዶ ሳጥኖቹም ይለጠፋሉ። ልጅ ታሞባት አንድ እሑድ ያዘገየች ሴት ስሟ 40 ስልክ ላይ ሲዞር ውሎ ያድራል፣ ከግሩፑም ወደ ሌላ ይሻገራል። ገመናው የወጣ ሰው ክፍያውን አያፋጥንም፤ በሚቀጥለው ዙር ይቀራል እንጂ። በግሩፕ የሚለጠፈው ድምሩ ብቻ ይሁን፦ የከፋዮች ብዛት፣ ጠቅላላ ብር፣ እጣ የደረሰው ሰው ተራ ቁጥር። ያልከፈለውን ዳኛው ለብቻው ይደውልለት፤ ሁለት ሳምንት ካለፈ ዋሱ ይጠራ፤ በ3ኛው ሳምንት ነው ለጉባኤ የሚቀርበው። ይህ ቅደም ተከተል አስቀድሞ በደንቡ ውስጥ ተጽፎ ከሆነ ዳኛው አዳላ የሚባልበት ቀዳዳ የለም።

በቁጥር 7 አንድ ሰው ሌብነት ሳይኖር መተማመን እንዴት እንደሚጠፋ በምሳሌ ነገረን። ዳኛው ባለ ሱቅ ነው፣ የእቁቡን ብር የሚያስቀምጠው የሱቁ ሽያጭ በሚገባበት መሳቢያ ውስጥ ነው። ማክሰኞ አንድ አባል ሊከፍል ሲመጣ ዳኛው ከዚያው መሳቢያ መልስ ይሰጠዋል፤ ሐሙስ ሌላው አባል ሲመጣ ጅምላ አከፋፋዩ ከዚያው መሳቢያ ሲከፈለው ያያል። ብሩ እሑድ ሙሉ ሆኖ ይገኛል፣ ግን ሁለቱ አባላት ያዩት ነገር አብሯቸው ይዞራል። መፍትሔው ርካሽ ነው፤ ቁልፍ ያለው የቆርቆሮ ሳጥን፣ ቁልፉ ገንዘብ ያዡ ዘንድ፣ ሳጥኑ ዳኛው ዘንድ።

ቁጥር 8 ከሳጥን ወደ ስልክ አሻገረው። ቴሌብር ከ2013 ዓ.ም. ወዲህ ብዙውን ክፍያ እንዳቀለለ፣ ግን አዲስ ቀዳዳ እንደከፈተ ጻፈ። አንደኛ፣ ብሩ በዳኛው የግል ስም ይገባል። ዳኛው ድንገት ቢሞት ያ ሒሳብ የውርስ ንብረት ሆኖ ይታገዳል፤ እቁቡ ድርሻውን ለማስመለስ ከወራሾች ጋር ይካሰሳል። ሁለተኛ፣ ከፋዮች የሚልኩት የስክሪን ፎቶ ማስረጃ አይደለም፤ ሊቀናበር ይችላል፣ የባለፈው ሳምንትም በድጋሚ ሊላክ ይችላል። ጸሐፊው ማየት ያለበት ወደ ተቀባዩ ስልክ የገባውን መልእክት ነው፤ የግብይት ቁጥሩን በመዝገቡ ሳጥን ውስጥ ይጽፋል፣ አንድ ቁጥር ሁለት ቦታ ከተገኘ ይያዛል። ይልቁንም በሦስት ሰዎች ስም፣ በሁለት ፊርማ የሚንቀሳቀስ የባንክ ሒሳብ ይከፈት አለ። ለዚህ ሦስቱ የተመረጡበት ቃለ ጉባኤ፣ የአባላት ፊርማ፣ የሦስቱ መታወቂያና ፎቶ ይዘጋጅ፤ ባንኩ ሌላ የሚጠይቀው ካለ አስቀድሞ ሄዶ መጠየቅ ይሻላል።

ቁጥር 9 ላይ ሕግ የሚያውቅ ሰው መጣ፤ ክሩ የጋለውም በሱ ነው። የእቁብ ሰው ዋስ ጠራ ሲል ብዙ ጊዜ ዋሱ ቆሞ እኔ አለሁ ማለቱን ነው፤ ይህ በፍርድ ቤት አይጸናም አለ። በ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግ አንቀጽ 1725 የዋስትና ውል በጽሑፍ እንዲሆን ያዛል፤ በ1727 መሠረት ተዋዋዮቹ ሊፈርሙበትና ሁለት ምስክሮች ሊያረጋግጡት ይገባል፤ በ1922 ደግሞ ዋሱ የሚጠየቅበት ከፍተኛው ገንዘብ ካልተጻፈ ውሉ ዋጋ የለውም። ስለዚህ ዋስ ነኝ ብቻ ብሎ መፈረም አይበቃም፤ እስከ ስንት ብር የሚለው በቁጥርና በፊደል መግባት አለበት። እጣ በ5ኛው ሳምንት ከደረሰ የቀረው 35 ሳምንት ነው፣ ዋስትናው 35,000 ብር ይባላል። በ30ኛው ከደረሰ 10,000 ይበቃል። ከሁሉም ሰው 40,000 መጠየቅ ትርፍ ነው፣ ዋስ ያሳጣል።

ዋሱ ማን ይሁን ለሚለውም መልስ ነበረው። ገና እጣ ያልደረሰው አባል ይመረጣል፣ የሚጠብቀው ገንዘብ ራሱ መያዣ ስለሆነ። አንድ ሰው ግን ለሁለት ሰው ዋስ አይሁን። ብዙ እቁብ የሚሳሳተው ደግሞ እዚህ ላይ ነው፦ በ5ኛው ሳምንት ዋስ የሆነው ሰው በ20ኛው እጣ ቢደርሰው መያዣው በእጁ ገብቶ ወጣ ማለት ነው፤ የመጀመሪያው ሰው ግን ገና 20,000 ዕዳ አለበት። ስለዚህ ዋስ እጣ በደረሰው ቀን ብሩን ሳይወስድ በምትኩ ሌላ ዋስ ይተካ። መዝገቡ ላይ ከእያንዳንዱ ስም ጎን የዋሱ ተራ ቁጥር ቢጻፍ ጸሐፊው በአንድ ዓይን ያየዋል።

ቁጥር 10 ተቆጣ። አቦ፣ እቁብ የወዳጅ ነገር ነው፤ አንቀጽ የሚቆጥር ሰው ባንክ ሄዶ ይበደር አለ። 9ኛውን በስሙ እየጠራ አንተ የእቁብ ወጥ ቀምሰህ አታውቅም፣ ፋይል ነው የምታውቀው ብሎ ተናገረው። በሦስት መስመር ውስጥ ምንም ምክንያት አልሰጠም፤ ቁጣው ግን እውነተኛ ነበር።

ከዚያ ክርክሩ ከነገሩ ወጣ። ቁጥር 11 ይህን ሰው ገሠጸው፤ 9ኛው በዕድሜ የገፉ እንደሚመስሉ፣ አንቱ ሊባሉ እንደሚገባ ተናገረ። ቁጥር 12 ደግሞ ድሬ ላይ አንተ ማለት ንቀት አይደለም፤ ከለገሃሬ እስከ ገንደ ቆሬ ትልቅ ትንሹ አንተ ተባብሎ ነው የሚኖረው፣ አንቱታን ያመጡት ከሌላ አገር የመጡ ናቸው ብሎ መለሰ። እዚህ ላይ ጉዳዩ የጠፋ መስሎኝ ነበር፤ ዞሮ ዞሮ ግን ከነገሩ ጋር ይገናኛል። እርስ በርስ አንተ የሚባባል ሰው ገንዘብ ላይ ሲደርስ መዝገብ አሳየኝ ለማለት ለምን ያፍራል?

ይህንን ጥያቄ የያዘው ቁጥር 13 ነው፤ ከሐረር፣ በግንብ ከታጠረው ከአሮጌው ከተማ ከጁገል ውስጥ የጻፈ። አፎቻን አመጣ። ሐረሪዎች በሠርግና በለቅሶ የሚደጋገፉበት ማኅበር ነው፤ ወንዶቹም ሴቶቹም የየራሳቸው አላቸው። እዚያ መሪው የሚከበረው በሚናገረው ሳይሆን በየለቅሶው ቀድሞ በመገኘቱ ነው፤ አባሉም በዓይኑ ያየዋል። መተማመኑን የሚሠራው መደጋገሙ ነው፤ በዓመት አንዴ የሚደረግ ትልቅ ንግግር አይተካውም። ስለዚህ ጠያቂው ስለ ለቅሶና ሠርግ ያለው ስህተት አይደለም ብሎ ደገፈው። ነገር ግን መገኘት ስለ ሰውየው ልብ ይመሰክራል እንጂ ስለ ሒሳቡ አይመሰክርም፤ ሁለቱን የሚያምታታ ማኅበር አንድ ቀን ጥሩ ሰው ላይ ይፈርዳል አለ። ወርቅ መልስ ነው።

ቁጥር 14 እጣ ስለ መሸጥ ጠየቀ። በ8ኛው ሳምንት እጣ የደረሰው ሰው ገንዘቡን ለቸገረው ይሰጥና የሱን ኋለኛ ተራ ይወስዳል፤ ለዚህ 2,000 ወይም 3,000 ብር ይቀበላል። ይፈቀድ ወይስ ይከልከል?

ቁጥር 15 ሙስሊም አባላት ባሉበት እቁብ ይህ ወለድ ነውና ጨርሶ አይሆንም አለ። ሶማልኛ ተናጋሪው ሀግባድ ወይም አዩቶ የሚለው ያው እቁብ መሆኑን፣ ድሬ ውስጥ በአንድ እጣ ሣህን ላይ የሁሉም ሰው ስም እንደሚገኝ አስታውሶ፣ ተራ መለዋወጥ ያለ ዋጋ ይፈቀድ፣ በዋጋ ይከልከል ብሎ ደመደመ። ቁጥር 16 ከሃይማኖቱ ውጭ ሌላ ምክንያት ጨመረ፣ እኔ እስከ ዛሬ ያላሰብኩትን። የማን ቤት እንደቸገረ የሚያውቀው ዳኛው ነው፤ ሰው ምሥጢሩን የሚነግረው ለሱ ነው። እጣ የሚሸጥ ከሆነ ሻጭና ገዢ የሚያገናኘውም እሱ ይሆናል። ያን ቀን ዳኝነቱ ያበቃና ድለላ ይጀምራል፤ ኮሚሽን ባይቀበል እንኳ ተቀበለ ይባላል። ልውውጥ ካለ ሁለቱ ሰዎች ራሳቸው በጉባኤ ተነሥተው ይናገሩ፣ ዋሶቻቸውም እዚያው ይስማሙ፣ የዋስትናው መጠን እንደ አዲሱ ተራ ተሰልቶ ይጻፍ፤ ዳኛው መሐል አይግባ።

ቁጥር 17 ስለ እጣው አወጣጥ ነው። እጣ የሚጠረጠረው በውጤቱ ሳይሆን በአጣጣፉ ነው አለ። ወረቀቱ ከአንድ ደብተር ገጽ፣ በአንድ ልክ በማስመሪያ ተቆርጦ፣ በአንድ እስክሪብቶ፣ በአንድ ሰው እጅ ይጻፍ። ስም ሳይሆን ተራ ቁጥር ይጻፍበት፣ ረጅም ስም ቀለም እንዳያበዛ። ሁለት ጊዜ ብቻ ይታጠፍ፤ የተጠቀለለና የተጨፈለቀ ወረቀት በጣት ይለያል። ሣህኑ ውስጥ ሲገባ አንድ በአንድ ጮክ ተብሎ ይቆጠር፤ 12 ሰው ከወሰደ 28 መሆን አለበት። የሚያወጣው ልጅ ይሁን፣ የማንም አባል ልጅ ያልሆነ፣ እጅጌው እስከ ክርኑ ተሰብስቦ። እዚህ ድረስ ብዙ ሰው ያውቀዋል። ብዙ ሰው የሚረሳው ግን ከወጣ በኋላ ያለው ነው፦ የቀሩት 27 ወረቀቶች እዚያው ተከፍተው ይነበቡ። ሁለት ተመሳሳይ ቁጥር ካለ ወይም የአንድ ሰው ቁጥር ጨርሶ ካልገባ የሚታወቀው ያኔ ብቻ ነው። ከ5 ደቂቃ አይበልጥም፣ ሳምንቱን ሙሉ ሊወራ የሚችለውን ሐሜት ግን ያስቀራል።

ቁጥር 18 ስለ ዋጋ ንረት ነው፤ በ40ኛው ሳምንት የሚወስድ ሰው በዚያው ብር የሚገዛው ዕቃ ስለሚያንስ 20 ሰው ሆኖ 2,000 መጣል ይሻላል፣ ድምሩ ያው 40,000 ነው፣ ዙሩ ግን በግማሽ ያጥራል አለ። ትክክል ነው፤ ሳምንታዊው 2,000 የሚከብደው ሰው ካለ አንድ እጣ ለሁለት እንዲይዙ ማድረግ ይቻላል።

ቁጥር 19 ወደ እድር ወሰደን። በ1998 ዓ.ም. ክረምት የደቻቱ ወንዝ በሌሊት ሞልቶ ከ200 በላይ ሰው የሞተበትን ጎርፍ አስታወሰ። ማኅበር በአንድ ሳምንት አንድ ለቅሶ ብቻ እንደሚኖር አስቦ ከተቋቋመ እንዲህ ባለ ቀን ይሰበራል፤ ስለዚህ ከእቁቡ እየተቀነሰ መጠባበቂያ ይቀመጥ አለ። ቁጥር 20 በአክብሮት አረመው። መጠባበቂያው አስፈላጊ ነው፣ የእድር ግን ለእድር ነው። የእቁብ ብር በሳምንቱ ወጥቶ ያልቃል፤ ቀሪ የለውም፣ ለዚህም ነው ለመቆጣጠር የሚቀለው። የለቅሶ ገንዘብ ከተጨመረበት ከእሑድ እስከ እሑድ የሚያድር ብር ይኖራል፣ ለምን እንደወጣም ማስረጃ ይፈልጋል። አባላቱ አንድ ዓይነት ቢሆኑም መዝገቡ፣ ሳጥኑና ገንዘብ ያዡ የተለያየ ይሁን።

ለጠያቂው ዋና ነጥብ ቀጥታ መልስ የሰጠው ቁጥር 21 ነው። ጥያቄ ስድብ የሚሆነው አንድ ሰው በአንድ ቀን በድንገት ሲያነሳው ነው። ያኔ ሁሉም ሰውየው ምን ሰማ ይላል፤ ዳኛውም የተጠረጠረ መስሎ ይሰማዋል፣ ትክክልም ነው። ቀኑ አስቀድሞ ከተቆረጠና የሚመረምረው ሰው በእጣ ከወጣ ግን የጠየቀ ሰው የለም፣ የተጠረጠረም የለም። በ10ኛው፣ በ20ኛውና በ30ኛው ሳምንት፣ የእጣው ወረቀት ከመግባቱ በፊት፣ ሦስት ሰው በእጣ ይውጣ። ሦስቱ በዚያው ሰዓት አምስት አባላትን በዘፈቀደ ጠርተው ካርዳቸውን ይቀበላሉ፤ እያንዳንዱን ሳጥን ከመዝገቡ ጋር ያመሳክራሉ። የሳምንቱን ዓምድ ራሳቸው ይደምራሉ፣ ብሩን ወይም የባንኩን መግለጫ ራሳቸው ያያሉ፣ የዋሶቹን ወረቀት ይቆጥራሉ። ያገኙትን አንድ ገጽ ላይ ጽፈው ፈርመው ያነባሉ። ልዩነት ከተገኘ መጀመሪያ የሚባለው ስህተት ነው፤ ጸሐፊው እስከሚቀጥለው እሑድ ያርመው። ካልታረመ ያኔ ይጠየቃል። ግማሽ ሰዓት ይበቃል። በዚያው ዙር አንዴ የወጣ ሰው ዳግመኛ አይግባበት፤ በሦስት ምርመራ 9 ሰው መዝገቡን በገዛ ዓይኑ አይቷል ማለት ነው፣ ለጎረቤቱም የሚመሰክረው እሱ ነው።

ይህ ከመጣ በኋላ የክሩ አየር ተለወጠ። ቁጥር 22 ያው 3ኛው ሰው ነው፤ ተመልሶ መጣ። ዳኛውን ማዋረድ ከሌለበት እስማማለሁ አለ፤ እንዲያውም ደንቡን ሌላ ሰው ሳያቀርበው ዳኛው ራሱ በመጀመሪያው እሑድ ያቅርበው፣ ያ ቀን ከ10 ለቅሶ ይበልጥለታል ሲል ጨመረበት። ከስም ይልቅ ወረቀት ያሉትን ያን ያህል የተቃወመ ሰው እንዲህ ብሎ ሲመለስ ደስ ይላል።

ቁጥር 23 ግን 10ኛው ነው፤ አሁንም አልበረደለትም፣ በዚህኛው ግን ምክንያት ይዞ መጣ። ዋስ፣ ካርድ፣ መርማሪ፣ ሁለት ፊርማ ሁሉ ከተጫነበት ማን ዳኛ ሊሆን ይፈቅዳል? የመጀመሪያውን እጣም ቀምታችሁታል። ነገ እቁቡ በመዝገብ ሙሉ፣ በዳኛ ባዶ ይሆናል።

ቁጥር 24 ለዚህ በሁለት በኩል መለሰለት። መዝገቡ ከአባሉ በላይ የሚጠቅመው ዳኛውን ነው። በ26ኛው ሳምንት አንድ ሰው በ11ኛው ከፍያለሁ ቢል፣ ካርድና ፊርማ ከሌለ ቃል በቃል ላይ ነው፤ ዳኛው ወይ 1,000 ብር ከኪሱ ይከፍላል ወይ አባል ያጣል። ካርዱ ካለ ነገሩ በአንድ ደቂቃ ያልቃል። ስለ ድካሙ ደግሞ ግልጽ ክፍያ ይኑረው አለ፦ እጣ የደረሰው ሰው ሁሉ 200 ብር ይተው። በ40 ሳምንት 8,000 ብር ነው። ለዳኛው 4,000፣ ለጸሐፊው 2,000፣ ለገንዘብ ያዡ 1,500፣ ቀሪው 500 ለካርድ ማሳተሚያ፣ ለደብተርና ለእስክሪብቶ። ክፍያው በየ10 ሳምንቱ፣ ምርመራው ከተነበበ በኋላ ይሰጥ፤ መጀመሪያ ላይ አይሰጥ። ቁጥር 23 ለዚህ መልስ አልሰጠም፤ የምስጋና ምልክት ብቻ አስቀመጠበት።

በቁጥር 25 ጠያቂው ራሱ ተመለሰ። መዝገብ መጠየቅ ስድብ ነው ያለውን አንሥቶ፣ ባልተቀጠረ ቀን ሲሆን ብቻ ነው ብሎ አቃናው። ከክሩ የለቀመውንም በአንድ ገጽ ደንብ አድርጎ አቀረበ፦ ድምሩ ሳይነገር እጣ አይወጣም፤ ዳኛው እንደ ሰው እጣ ውስጥ ይገባል፤ ዋስትና በጽሑፍ፣ በሁለት ምስክር፣ በተወሰነ መጠን ይሆናል፤ ዋስ እጣ ሲደርሰው ምትክ ይቀርባል፤ ቀሪ ወረቀቶች ይነበባሉ፤ በየ10 ሳምንቱ ሦስት መርማሪ በእጣ ይወጣል። ከሥሩ የዋስትና ሠንጠረዥ አስከተለ፤ በ12ኛው ሳምንት ለደረሰው ሰው 29,000 ብር ይላል።

ቁጥር 26 ሠንጠረዡን ብቻ አየ። ክፍያው ከእጣው በፊት ስለሚሰበሰብ የ12ኛው ሳምንት 1,000 ብር ገብቷል፤ የቀረው 28 ሳምንት ነው፣ ዋስትናውም 28,000 ብር። በዚሁ ስሌት ሠንጠረዡ ከላይ እስከ ታች በ1,000 ብር በዝቷል፤ በ40ኛው ሳምንት የሚወስደው ሰውም 1,000 ሳይሆን ዜሮ ነው ያለበት፣ ዋስ አያስፈልገውም። ጠያቂው በዚያው ምሽት አስተካክሎ በድጋሚ ለጠፈው።